የጀልባ ነዳጅ ጌጅ፦ አሮጌው «ባዶ»፣ አዲሱ «ሙሉ» ይላል፤ ታንኩ ግን ግማሽ ነው

ጣና_ማለዳ | ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ጀልባዋ 7 ሜትር ፋይበር ናት፤ ባሕር ዳር ነው የምትሠራው። ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ፣ ባትሪው 12 ቮልት፣ ከወለሉ ሥር 100 ሊትር የሚይዝ የአሉሚኒየም ታንክ አላት። ጌጁ ቁልፍ ሲከፈት ከ«ባዶ» በታች ወርዶ ይተኛል፤ ነዳጅ ቢጨመርም አይነሳም። ሞቷል ተብሎ አዲስ ተገዛና ተቀየረ። አዲሱ ደግሞ ቁልፍ እንደተከፈተ ከ«ሙሉ» አልፎ ጥግ ይዞ ይቆማል። በእንጨት ስለካው ታንኩ ግማሽ ገደማ ነው። ፊውዙን አይቻለሁ፣ ደህና ነው። አዲሱም ብልሹ ዕቃ ነው ወይስ ሌላ ቦታ ልፈልግ?

ማሳ_ፈላጊ | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

አዲሱን አትመልስ፣ አሮጌውንም አትጣል። እንደ ገለጽከው ከሆነ ሁለቱም ጌጆች ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጌጅ ነዳጅ አያይም፤ የሚያየው ኦም (ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚገጥመው የመቋቋም መጠን) ብቻ ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው ሴንደር ተንሳፋፊው ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ኦሙን ይቀይራል፤ ጌጁ ያንን ተቀብሎ መርፌውን ያንቀሳቅሳል። ችግሩ ሁሉም አገር በአንድ ልክ አይሠራም። የአሜሪካው ልክ ባዶ ሲሆን 240 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም ነው። የአውሮፓው ግልባጩ ነው፤ ባዶ 10 ኦም፣ ሙሉ 180 ኦም።

አሁን ከሴንደሩ የሚመጣው ገመድ የሆነ ቦታ ተበጥሷል ብለህ አስብ። የተበጠሰ ገመድ ኦሙ መጨረሻ የለውም። የአሜሪካው ጌጅ ይህን «ከ240 በላይ» ብሎ ይረዳውና ከባዶ በታች ይወርዳል። የአውሮፓው «ከ180 በላይ» ይለውና ከሙሉ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ብልሽት በሁለት ጌጆች ላይ ተቃራኒ ሆኖ ይታያል። አንተ ጋ የሆነው ይኼው ይመስለኛል፤ መስመሩ ተቋርጧል፣ አዲሱ ጌጅ ደግሞ ከሴንደርህ ጋር የማይግባባ የአውሮፓ ልክ ነው። የሁለቱንም ጀርባ እይና የተጻፈውን ቁጥር ንገረን።

ጣና_ማለዳ | ሰኞ፣ ማታ 3፡05

አሮጌው 240-33 ይላል። አዲሱ 10-180። ዕቃ ቤቱ «የጀልባ ጌጅ ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ነበር የሸጠልኝ።

ዓባይ_መቅዘፊያ | ሰኞ፣ ማታ 3፡20

ቁልፉን ክፈትና ታንኩ ላይ ያለውን የሴንደር ገመድ ንቀለው፤ በካቻቢቴ ከማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ መስመር) ጋር ንካው። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ገመዱ ደህና ነው፣ ችግሩ ሴንደሩ ወይም የሴንደሩ ማሳ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ገመዱ ወይም ጌጁ ነው። 2 ደቂቃ አይፈጅም።

ማሳ_ፈላጊ | ሰኞ፣ ማታ 3፡28

ዓባይ_መቅዘፊያ ወንድሜ፣ ሐሳቡ ልክ ነው፤ ቦታው ግን አደገኛ ነው። ጣና_ማለዳ፣ እባክህ ይህን ታንኩ ላይ አታድርገው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለሉ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። የታንኩ አፍ ላይ ያለ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ጎማ) ትንሽ ቢያስተነፍስ እንኳ ያ ጠባብ ቦታ ለመቀጣጠል በቂ ትነት ይይዛል። እዚያ ላይ ብረት ከብረት አጋጭቶ ፍንጣሪ መፍጠር ጀልባም ሰውም ያስጨርሳል። ተመሳሳይ ሙከራ ዳሽቦርዱ ጋ፣ ጌጁ ጀርባ ላይ ይደረጋል፤ እዚያ የሚፈተነው ግን ጌጁ ብቻ ነው፣ ገመዱንና ሴንደሩን በኋላ በቴስተር እንለያለን።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። የወለሉን መክደኛዎች ሁሉ ክፈትና ቢያንስ 20 ደቂቃ ንፋስ ይግባበት። ሲጋራም ሆነ የስልክ ቻርጀር አጠገብ አይኑር። ከዚያ ወደ ዳሽቦርዱ ሂድ። የጌጁ ጀርባ ላይ 3 ብሎኖች አሉ፦ «አይ» የተጻፈበት ከቁልፉ የሚመጣው ፖዘቲቭ፣ «ጂ» ማሳ፣ «ኤስ» የሴንደሩ ገመድ። አራተኛ ካለ የመብራቱ ነው።

መጀመሪያ አሮጌውን ጌጅ መልሰህ ግጠም። ቁልፉን ክፈትና ቴስተርህን 20 ቮልት ላይ አድርገህ በ«አይ» እና በ«ጂ» መካከል ለካ። 12.4 እና ከዚያ በላይ ካለ የመብራት መስመሩ ደህና ነው። ቮልቱ ዝቅ ካለ ወይም ከጠፋ ሌላውን ሁሉ ትተህ ማሳውን ፈልግ።

ቀጥሎ ቁልፉን ዝጋ፣ የ«ኤስ»ን ገመድ ንቀል፣ ጫፉን በናስትሮ ሸፍን። ከዚያ በ«ኤስ» እና በ«ጂ» መካከል ሬዚስተር (ኦሙ የታወቀ ትንሽ ዕቃ) አስገባና ቁልፉን ክፈት። በቀጥታ ማጋጨትም ይቻላል፤ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ከሆነ ጌጁን አይጎዳም። እኔ ግን ሬዚስተር እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም መርፌው መንቀሳቀሱን ብቻ ሳይሆን ልክ መሆኑንም ያሳይሃል። ሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ሄደህ 33፣ 100 እና 220 ኦም፣ ባለ 1 ዋት ግዛ። 33 ስታስገባ «ሙሉ» ላይ፣ 100 ስታስገባ ግማሽ ላይ፣ 220 ስታስገባ ከባዶ ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ሦስቱም ላይ ልክ ከሆነ ጌጁን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አውጣው።

ጣና_ማለዳ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡30

አሮጌውን መለስኩት። በ«አይ» እና በ«ጂ» መካከል 12.6 ቮልት። በ33 ሙሉ፣ በ100 ግማሹ ላይ፣ በ220 ከባዶ ፀጉር ታህል ከፍ። አሮጌው ጌጅ ጤነኛ ነው! ብር በከንቱ ወጣ። አሁንስ?

ማሳ_ፈላጊ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11፡00

አሁን ብልሽቱ ከዳሽቦርዱ ወዲያ ነው ማለት ነው። ሦስት ነገር ቀርቷል፤ ገመዱ፣ የሴንደሩ ማሳ፣ ሴንደሩ ራሱ። ሦስቱን ለመለየት ቴስተር ይበቃል፤ ታንክ መክፈት ገና ነው።

ባትሪውን ከሁለቱም ጫፍ ንቀል። ኦም የሚለካው መብራት በሌለበት ነው፤ አለበለዚያ ቁጥሩ ይዋሻል፣ ቴስተሩም ሊቃጠል ይችላል። ቴስተሩን 2000 ኦም ላይ አድርግ። ሀ) ዳሽቦርዱ ጋ የተነቀለውን የ«ኤስ» ገመድ ከማሳው ጋር ለካ። ለ) ታንኩ ጋ ሂድ፤ ሴንደሩ መሐል ላይ ካለው ብሎን ገመዱን አውጣና ብሎኑን ከሴንደሩ ክዳን ጋር ለካ። ሐ) ቴስተሩን ወደ 200 ኦም አውርድና የሴንደሩን ክዳን ከተነቀለው የባትሪ ኔጌቲቭ ገመድ ጋር ለካ፤ ይሄኛው ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ሦስቱን ቁጥር ጻፍልኝ።

ሲያትል_መልህቅ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10

አንድ ነገር ልጨምር። ሐ ላይ የተባለውን ማሳ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በአሉሚኒየም ታንክ ሴንደሩ በብሎኖቹ በኩል ከታንኩ ማሳ ያገኛል፤ ታንኩ ደግሞ በራሱ ገመድ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር መታሰር አለበት። ያ ገመድ የጌጅ ብቻ አይደለም፤ ነዳጅ ሲቀዳ የሚፈጠረውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚያወርደውም እሱ ነው። የነዳጅ መሙያው አፍም ብረት ከሆነ አብሮ ይታሰራል። ስለዚህ ተበጥሶ ካገኘኸው ለጌጁ ብለህ ሳይሆን ለሕይወትህ ብለህ ዛሬውኑ ቀጥለው።

ጣና_ማለዳ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡20

ሀ) ቴስተሩ ምንም አያነብም፤ በግራ በኩል 1 ብቻ ያሳያል። ለ) 105 ኦም። ሐ) 0.4 ኦም።

ማሳ_ፈላጊ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡45

በጣም ጥሩ። ማሳው ደህና ነው። ሴንደሩም እየሠራ ነው፤ በአሜሪካው ልክ ግማሽ ታንክ 103 ኦም ገደማ ነው፤ በእንጨት ግማሽ ካገኘህ 105 ትክክለኛ ቁጥር ነው። የሞተው በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ ነው። ታንኩ ጋ ያለውን ጫፍ በጊዜያዊ ገመድ ከማሳ ጋር እሰርና ወደ ዳሽቦርዱ እየሄድክ መጋጠሚያ በደረስክበት ሁሉ ለካ። ዜሮ የሚያነበው ወገን ደህና ነው፤ 1 ካሳየህ ብልሽቱን አልፈኸዋል። ባትሪው እንደተነቀለ መሆኑን አትርሳ። መጀመሪያ የምታየው ወለሉ ሥር ውሃ የሚያቁርበትን ዝቅተኛ ቦታ ይሁን።

ጣና_ማለዳ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡50

አገኘሁት። ከታንኩ 1 ሜትር ያህል ርቆ፣ ውሃ የሚተኛበት ጋ፣ ገመዱ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሏል። ናስትሮውን ስገልጠው ውስጡ ውሃ አዝሏል፤ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤ በጣት ስነካው ረገፈ። ከላይ ሲታይ ግን ምንም የማይመስል ጤነኛ ገመድ ነበር። እንዴት ልቀጥለው? ስታኞ (ቀልጦ የሚያያይዝ ብረት) አለኝ።

ሲያትል_መልህቅ | ረቡዕ፣ ማታ 12፡40

አትቀጥለው፤ ከተቻለ ከሴንደሩ እስከ ጌጁ አንድ ወጥ ገመድ ዘርጋ። አረንጓዴው ከተቆረጠው ጫፍ ላይ አይቀርም፤ በፕላስቲኩ ውስጥ እየሳበ ብዙ ሳንቲሜትር ይገባል። ልጠህ ስታየው መዳቡ ጥቁር ከሆነ ገና ንጹሕ አልደረስክም።

1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ ባለ ብዙ ክር ገመድ ይበቃል። ቆርቆሮ የተቀባ የጀልባ ገመድ ካገኘህ የተሻለ ነው። የቤት ውስጥ ደረቅ ገመድ፣ አንድ ወፍራም ክር ያለውን፣ በጭራሽ አትጠቀም፤ የሞተሩ ንዝረት ይሰብረዋል። ጫፎቹ ላይ ቀለበት ተርሚናል በትክክለኛው ፒንሳ ጨምቅና ሙጫ ያለው፣ ሲሞቅ የሚኮማተር ቱቦ በሙቀት አጥብቅበት። ሙቀቱን ከታንኩ ርቀህ፣ ከጀልባው ውጭ ሥራው። ስታኞ ብቻውን ለጀልባ አይመከርም፤ ስታኞው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ገመዱ ይደርቅና በንዝረት እዚያው ይበጠሳል። ገመዱን ከውሃው መስመር በላይ በጎን በኩል አሳልፈህ በየ45 ሳንቲሜትሩ እሰረው።

እዚህ ሲያትል በጨው ውሃ ላይ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ቶሎ ያልቃል። ጣና ጨው አልባ ስለሆነ ቀስ ይላል እንጂ መጨረሻው ያው ነው።

ጣና_ማለዳ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡15

አዲስ ገመድ ተዘረጋ። አዲሱን ጌጅ ብር የወጣበት ስለሆነ እሱን መልሼ ገጠምኩት፤ አሁን ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ያሳያል። በእንጨት ካየሁት ጋር ልክ ነው። ስለዚህ 10-180 መሆኑ ችግር የለውም ማለት ነው? ነገ ጠዋት ዘጌ ሰው አለኝ።

ማሳ_ፈላጊ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡22

በዚያ ጌጅ እንዳትወጣ! አሁን ልክ የመሰለህ ታንኩ ግማሽ ስለሆነ ብቻ ነው። ሁለቱ ልኮች የሚገናኙት እዚያ መሐል ላይ ነው፤ 105 ኦም ለአሜሪካውም ለአውሮፓውም ግማሽ አካባቢ ነው። ከዚያ ነጥብ ወዲያና ወዲህ ግን ይጣላሉ። ስትሞላ ሴንደርህ ወደ 33 ይወርዳል፤ የአውሮፓው ጌጅ 33ን ሲያይ «ሊያልቅ ነው» ይላል። ሲጎድል ደግሞ ወደ 240 ይወጣል፤ ጌጁ «ሙሉ ነው» እያለህ ሐይቁ መሐል ትቆማለህ። የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። 40 ሊትር ጨምርና ራስህ እይ።

ጣና_ማለዳ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡05

40 ሊትር ጨመርኩ። መርፌው ከግማሽ በላይ የነበረው ወደ ሩብ ወረደ። አሮጌውን መልሼ ስገጥመው ከሦስት አራተኛ ትንሽ አልፎ ቆመ። ተዘጋ፣ አሮጌው ይቀጥላል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጫሞ_ዳር | ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

እኔም ልጠይቅ፣ ከአርባ ምንጭ ነኝ። የኔ ጌጅ ሲሞላም ሲያልቅም ልክ ነው፤ ግማሽ አካባቢ ብቻ በድንገት ባዶ ላይ ይወድቅና ተመልሶ ይነሳል። ማሳውን ለካሁ፣ 0.3 ኦም። ገመዱም ደህና ነው።

ማሳ_ፈላጊ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡35

ጫሞ_ዳር፣ ያንተ ሴንደሩ ራሱ ነው። ክንድ ያለው ዓይነት ከሆነ ውስጡ በቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ሬዚስተርና እሱ ላይ የሚንሸራተት ትንሽ ምላስ አለ። ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት ከፍታ ላይ ምላሱ ቀን ሙሉ በሞገድ ወዲህ ወዲያ ሲል ሽቦውን ይበላዋል። እዚያች ነጥብ ላይ ሲደርስ መስመሩ ይቋረጣል፤ ሲያልፍ ይመለሳል።

ለማረጋገጥ ባትሪውን ንቀል፣ ቦታውን አናፍስ፣ ሴንደሩን ከታንኩ ጋር ያሰሩትን 5 ብሎኖች ፍታ። ስትመልሰው አትጨነቅ፤ ከአምስቱ ቀዳዳዎች አንዱ ሆን ተብሎ ከመስመር ወጣ ብሏል፤ ሴንደሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገባው። ሴንደሩን ከጀልባው አውጥተህ፣ ቴስተሩን ይዘህ ክንዱን ከታች ወደ ላይ በጣም ቀስ አድርገህ አንሳ። ኦሙ ከ240 እስከ 33 ሳይዘል መውረድ አለበት። መሐል ላይ ከዘለለ ወይም ቴስተሩ 1 ካሳየ አልቋል። መጠገን አይሞከርም፤ ይቀየራል። ተንሳፋፊውንም ጆሮህ ሥር አድርገህ ነቅንቀው፤ ፈሳሽ ከተሰማህ ነዳጅ ጠጥቷል፤ እየሰመጠ ነው።

አዲሱን ስትገጥም ክንዱን ከታንኩ ጥልቀት ጋር አስተካክል። ተንሳፋፊው ወደ ታች ሲደርስ ከወለሉ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይበል፤ ወደ ላይ ሲደርስ ጣራውን አይንካ፤ በውስጥ ያሉትን የሞገድ መከላከያ ቆርቆሮዎችም አይታከክ። ጓርኒሲዮኑ ቤንዚን የሚችል የናይትራይል ጎማ ይሁን። ሲሊኮን ቀብቶ መዝጋት የተለመደ ስህተት ነው፤ ቤንዚን ያለሰልሰዋል፣ ቁርጥራጩ የነዳጅ ፊልተር ይዘጋል። ብሎኖቹን እንደ መኪና ጎማ ዳዶ በተቃራኒ እያፈራረቅህ በእጅ አጥብቅ።

እንቦጭ_ነቃይ | ዓርብ፣ ጠዋት 2፡10

ለጣና_ማለዳ፦ ጌጁ ተሠራ ማለት ሊትሩ ታወቀ ማለት አይደለም። የታንክህ ታች እንደ ጀልባዋ ሆድ ሾጣጣ ከሆነ ሴንደሩ የሚያውቀው ከፍታን ነው እንጂ ሊትርን አይደለም። ጥልቀቱን፣ ሾጣጣውንም ለካና ንገረኝ።

ጣና_ማለዳ | ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡40

ጠቅላላ ጥልቀቱ 30 ሳንቲሜትር። ከዚያ ውስጥ ታችኛው 12 ሳንቲሜትር ሾጣጣ ነው፤ ከላይ ያለው 18 ጎኑ ቀጥ ያለ ነው።

እንቦጭ_ነቃይ | ዓርብ፣ ማታ 1፡30

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው። ሾጣጣው ክፍል ቀጥ ካለው የሚይዘው በግማሽ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ 12ቱ ሳንቲሜትር እንደ 6 ይቆጠራል። 6 እና 18 ሲደመር 24፤ 100 ሊትር ለ24 ሲካፈል ቀጥ ካለው ክፍል እያንዳንዱ ሳንቲሜትር 4.2 ሊትር ገደማ ይይዛል። መርፌው ግማሽ ላይ ሲሆን 15 ሳንቲሜትር ነው፤ 6 እና 3፣ 9፤ ያ 37 ሊትር ተኩል ነው እንጂ 50 አይደለም። ሩብ ላይ ሲሆን 7 ሳንቲሜትር ተኩል፣ ሙሉ በሙሉ ሾጣጣው ውስጥ ነው፤ 10 ሊትር እንኳ አይሞላም። ሦስት አራተኛ ላይ 69 ሊትር ገደማ።

40 የፈረስ ጉልበት ሞተር በሙሉ ጋዝ በሰዓት ወደ 15 ሊትር ይጠጣል። «ሩብ አለ» ብሎ 25 ሊትር የቆጠረ ሰው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያለው ይመስለዋል፤ ያለው ግን 40 ደቂቃ ነው። እንቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ከዚያም ያንሳል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ከደቅ ወይም ከጎርጎራ አቅጣጫ ለሚመለስ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሒሳቡ መነሻ ነው፤ ክንድ ያለው ሴንደር ከከፍታው ጋር እኩል ስለማይሄድ በተግባር አረጋግጥ። ታንኩን በእጅ ፓምፕ ወደ ጀሪካን ገልብጥ፤ ጀልባዋ ደልዳላ ውሃ ላይ ትሁን። ከዚያ 10 ሊትር እየጨመርክ፣ በየመሐሉ 2 ደቂቃ ያህል ጠብቀህ መርፌው የቆመበትን ጻፍ። ነዳጁ ቀድሞ ዘይት የተቀላቀለበት ስለሆነ ሲመለስ እንደገና ዘይት አትጨምር፤ በሊትር 20 ሚሊ ሊትሩ አለበት። ከአዲስ ቤንዚን ለሚሞላው ብቻ ቀላቅል።

ጣና_ማለዳ | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

ዛሬ ተሠራ። መርፌው ሩብ ላይ 11 ሊትር፣ ግማሽ ላይ 38፣ ሦስት አራተኛ ላይ 70። ዳሽቦርዱ ላይ ከጌጁ ጎን በማይለቅ ቀለም ጽፌዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሰው ተሳፍሮ ሲነሳ መርፌው ከቆመበት ትንሽ ወረደ። የትኛውን ልመን?

እንቦጭ_ነቃይ | እሑድ፣ ማታ 12፡30

ቆማ የተነበበውን። አፍንጫዋ ሲነሳ ነዳጁ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሴንደሩ ከታንኩ መሐል ወደ ፊት ከሆነ ያንሳል፣ ወደ ኋላ ከሆነ ይበዛል፤ ያንተ ወደ ፊት ያለ ይመስላል። ሳትነሳ፣ ሰዎቹ ቦታቸውን ይዘው ተቀምጠው ሳሉ አንብብና ከጻፍከው ጋር አስተያይ። ከዚያ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛው ሳይነካ። የመለኪያ እንጨቱንም ከጀልባዋ አታውርደው፤ 11፣ 38 እና 70 የሚሉትን እሱም ላይ በቢላ ምልክት አድርግባቸው።